ማዳበሪያ ላይ የሚደጎመው ብር ማን ጋ እንደሚደርስ የት ነው የሚታየው?

ቁጥር_ወዳድ — ሰኞ፣ ማታ 1:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ስታዲየም አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ። ቴሌቪዥኑ ስለ ማዳበሪያ ድጎማ ያወራል። ቢሊዮን፣ አሁንም ቢሊዮን፣ እንደገና ቢሊዮን። አጠገቤ ያሉት ሁለት ሰዎች ቀና ብለው እንኳ አላዩም። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሊዮን ስሰማ «ደጋፊ ሰነዱስ?» ማለት ልማዴ ነው።

2014 ዓ.ም. ላይ የዓለም ዋጋ ሲሰቀል መንግሥት ለማዳበሪያ 15 ቢሊዮን ብር ደጉሟል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፣ ዶላሩ ወጣ፣ ድጎማውም አብሮ አበጠ። መደጎሙን አልቃወምም። እኔም መሀል ከተማ ቁጭ ብዬ የምበላው እንጀራ ከዚያው ማዳበሪያ የሚወጣ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይሄ ብር ማን ማን ጋ ደረሰ? በስም፣ በቀበሌ፣ በኩንታል።

ነገሩ የከነከነኝ ስለ አውሮፓ የእርሻ ድጎማ ሳነብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አባል ሀገሮች ተቀባዮቻቸውን በየዓመቱ እስከ ሜይ 31 ኢንተርኔት ላይ ያወጣሉ። ስም፣ የሚኖርበት ከተማ፣ የክፍያው ዓይነት፣ የብሩ መጠን። ለሁለት ዓመት እዚያው ይቆያል። ሥራ የፈታ ሰው ገብቶ የጎረቤቱን ስም ሊፈልግ ይችላል።

የእኛውስ የት ነው ያለው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ዝም_አልልም — ሰኞ፣ ማታ 1:52

ማኪያቶህ ቀዝቅዞብሃል ወንድሜ።

የደጀን_ልጅ — ሰኞ፣ ማታ 2:15

ቁጥር ወዳድ፣ አንድ ነገር ላርምህ። በእኛ ሀገር ገበሬው ብር አያይም። አውሮፓ ላይ ገንዘቡ ባንክ ሒሳቡ ውስጥ ይገባለታል። እዚህ የሚደጎመው ዋጋው ነው። መንግሥት በውድ ይገዛል፣ ለገበሬው በቅናሽ ይሸጣል፣ ልዩነቱን ይሸፍናል። ስለዚህ «ድጎማ ተቀባይ» ማለት ማዳበሪያውን በዚያ ዋጋ መግዛት የቻለ ሰው ነው።

ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው። አባቴ ደጀን አካባቢ ያርሳል። እኔ አራት ኪሎ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ባለፈው ክረምት 5 ኩንታል ተመዘገበ። 2 ኩንታል ወሰደ። «ቀሪው ሲመጣ እንጠራሃለን» ተባለ። ክረምቱ ወጣ፣ አልጠሩትም። በዚያው ሰሞን ከተማው ውስጥ ያው ማዳበሪያ በእጥፍ ዋጋ በጓሮ በር ይሸጥ ነበር።

የሚገርመው ይሄ አይደለም። አባቴ ሲፈርም መዝገቡ ላይ ከስሙ በላይ ያለውን ስም አየ። ጎረቤቱ ናቸው። ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከስማቸው ትይዩ 2 ኩንታል ተጽፏል፣ ፊርማው ቦታ ላይ በሰማያዊ ቀለም የአውራ ጣት አሻራ አለ። አባቴ ለእናቴ «አያ እገሌ ከመቃብር ወጥቶ ዩሪያ ወሰደ» ብሎ ነገራት። ቤት ውስጥ ተሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ዝም_አልልም — ሰኞ፣ ማታ 2:21

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። አሁን ደግሞ ሲሞት ያልበላም ይቆጨዋል ማለት ነው 😂

ጡረተኛው — ሰኞ፣ ማታ 3:30

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ኦዲት ላይ ሠርቻለሁ፣ ሁለቱን የግብዓት ስርጭት ላይ። ቁጥር ወዳድ ዝርዝሩ የት አለ ብለሃል። ዝርዝሩ አለ። እንደሌለ አድርጋችሁ አታውሩ። የለም ብሎ የሚጀምር ሰው ፍለጋውን ገና ሳይጀምር ጨረሰ ማለት ነው።

መንገዱን ላስረዳችሁ። ግዢውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ጭነቱ ጅቡቲ ይደርሳል። ከዚያ በከባድ መኪናም በባቡርም ይገባል። ወደ ዩኒየኖች፣ ማለትም ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረቶች፣ መጋዘን ይሄዳል። ዩኒየኑ ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ያከፋፍላል። ማኅበሩ ለገበሬው ይሸጣል። የልማት ሠራተኛው ደግሞ አስቀድሞ የእያንዳንዱን ገበሬ ፍላጎት ከማሳው ስፋት ጋር መዝግቧል።

በእያንዳንዱ እርከን ወረቀት አለ። መጋዘኑ ሲቀበል ሞዴል 19 ወይም እሱን የሚተካ ደረሰኝ ይቆርጣል። ሲያወጣ ሞዴል 22 ወይም የእሱ ዓይነት። ታች ላይ ገበሬው የፈረመበት መዝገብ አለ። ኦዲተር ሥራው ቀላል ነው፤ የላይኛውን ድምርና የታችኛውን ድምር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ልዩነቱ መንገድ ላይ የቀረው ነው።

አንድ ጊዜ አንድ መጋዘን ገባን። ስሙን አልጠራም። መዝገቡ ወለል ብሎ ንጹሕ ነው። ቆጠራውም ልክ ነው፣ ጆንያ በጆንያ። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ ጨረስን» አለኝ። እኔ ግን የጆንያው አፍ ላይ ዓይኔ አረፈ። የፋብሪካ ስፌት ነጭ ክር ነው፣ ቀጥ ያለ፣ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ሙሉው ይፈታል። ከመሀል ያሉት ጆንያዎች አፋቸው በሲባጎ ተሰፍቷል። በእጅ፣ በወስፌ። ሚዛን ላይ አወጣናቸው። 50 ኪሎ የተባለው 43፣ 44 መጣ። ቁጥሩ ልክ ነበር፣ ክብደቱ ግን የለም።

ስለዚህ ስም ዝርዝር ይለጠፍ ስትሉ የሟቹን ስም ብቻ አትፈልጉ። ከላይ ምን ያህል እንደወረደም ይለጠፍ። ገበሬው የራሱን ስም ያውቃል። የማያውቀው ለማኅበሩ ስንት ኩንታል እንደመጣለት ነው።

ታክሲዬ — ሰኞ፣ ማታ 4:05

ጋሼ እድሜ ይስጥዎ። እኔ ከሜክሲኮ ፒያሳ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ሐምሌ 2014 የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር ታርጋችን ተመዘገበ፣ ክፍያው በቴሌብር ሆነ። የትኛው ማደያ፣ ስንት ሊትር፣ በስንት ሰዓት ሁሉም ይታወቅ ነበር። አንድ ቀን ሁለቴ ልቀዳ ስል እንኳ ሲስተሙ እምቢ አለኝ። እኔን፣ የአንድ ሚኒባስ ሹፌር እንዲህ መከታተል ከቻሉ አንድ መቶ ጆንያ የጫነ ካሚዮን የት እንደደረሰ ማወቅ ምኑ ነው የሚከብደው? ወረፋ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ስሕተት ካለ ይቅርታ።

ከሀገር_ውጭ — ሰኞ፣ ማታ 5:10

ጀርመን ነኝ፣ ባየርን ውስጥ ትንሽ ከተማ። አከራዬ ላም ያረባል። ይሄን ውይይት ሳነብ ገብቼ ስሙን ፈለግኩት። አገኘሁት። ያፈርኩት እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት «ጉተን ሞርገን» ስለው ደሞዙን እንዳየሁበት ያህል ሊሰማኝ ነው።

ግን እናንተ እንደምታስቡት ገነት አይደለም። የአውሮፓ የጋራ የግብርና ፖሊሲ ከ2021 እስከ 2027 እ.ኤ.አ. 387 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የተመደበለት ነው። ከጠቅላላው በጀት ሲሶውን ያህል። አብዛኛው የሚከፈለው በሄክታር ነው። ብዙ መሬት ያለው ብዙ ያገኛል። ድሮ የእንግሊዝ ንግሥት ሳንድሪንግሃም የሚባለው እርሻቸው ስም ድጎማ ይቀበሉ ነበር። ይሄ የታወቀው ዝርዝሩ ስለተከፈተ ነው። አሜሪካም እንዲሁ። አንድ የአካባቢ ጥበቃ ቡድን ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ክፍያ ሰብስቦ ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣው ስኮቲ ፒፐን ተገኘ። አዎ፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ፣ የቺካጎ ቡልሱ ፒፐን። አርካንሳስ ውስጥ ያለ መሬቱን ሳያርስ ስላቆየ ነበር የሚከፈለው።

አውሮፓውያኑም ዝርዝሩን በፈቃዳቸው አልከፈቱትም። በ2005 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጋዜጠኞች ተሰባስበው፣ ከየሀገሩ መሥሪያ ቤት እየጠየቁ፣ እየተከራከሩ ነው ያወጡት።

ስድስት_ኪሎ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20

የሕግ ተማሪ ነኝ። ትናንት ማታ ይሄን አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ ታገሡኝ፤ ረጅም ነው።

የአውሮፓው ዝርዝር አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ፈርሶ ነበር። ጀርመን ሄሰን ውስጥ አንድ የእርሻ ሽርክናና አንድ ገበሬ «ስማችንና ገቢያችን ለምን ኢንተርኔት ላይ ይወጣል?» ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ያለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኖቬምበር 9 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ተፈረደ። ፍርዱ ለሁለት ተከፈለ። ድርጅት ከሆነ ስሙ ይውጣ። ግለሰብ ከሆነ ግን ትንሽ የተቀበለውንና ብዙ የተቀበለውን ሳትለዩ፣ አንድ ጊዜ የወሰደውንና በየዓመቱ የሚወስደውን ሳትለዩ ሁሉንም ስም ማውጣት ከልክ ያለፈ ነው አለ።

ከዚያ በ2013 እ.ኤ.አ. አዲስ ደንብ መጣ። የግለሰቦች ስም ተመለሰ። ነገር ግን በዓመት ከ1,250 ዩሮ በታች ያገኘ ትንሽ ገበሬ ስሙ አይወጣም፣ በኮድ ይተካል። ለእኔ ይሄ መስመር ነው ትልቁ ነገር። ትልቁ ይታይ፣ ትንሹ ይሸፈን።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። መረጃ የማግኘት ነጻነትን የያዘው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የሚዲያው ክፍል በሌላ አዋጅ ቢተካም የመረጃው ክፍል አለ። ማንም ሰው ይጠይቃል፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል። እምቢ ካለ ወደ እንባ ጠባቂ ይኬዳል። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1321። ስለዚህ «ሁሉም ስም ይለጠፍ» ብቻ ብለን ብንሄድ ይቺን አዋጅ አውጥተው ይመልሱናል። ጥያቄያችን መለየት አለበት።

ዝም_አልልም — ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:41

እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ከምትጽፊ «ትልቁ ይታይ» ብለሽ ብትተይው ይበቃ ነበር። እኛ ሀገር የተገላቢጦሽ ነው። የትንሹ ስም ሰሌዳ ላይ፣ የትልቁ ፋይል ውስጥ።

ልደታ_07 — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:15

ዝም አልልም በቀልድ ያልከው እውነት ነው። እኔ ልንገራችሁ።

በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት፣ ድሃው ሠርቶ ድጋፍ የሚያገኝበት ፕሮግራም፣ አዲስ አበባ ሲጀመር እናቴ ተመዘገበች። ያኔ ልደታ ነበርን። ዝርዝሩ የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። አሠራሩ ነው፣ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ። ገጠርም ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት እንዲሁ ነው የሚሠራው፣ ስም በአደባባይ ይታያል፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ጥሩ አሠራር ነው፣ አልክድም። «እሷኮ ልጇ ውጭ ሀገር ነው» ተብሎ የተሰረዘም ሰው አለ።

ግን እናቴ። በሕይወቷ ሰው ፊት ሳትለምን የኖረች ሴትዮ ናት። ስሟ ከሦስት ትውልድ ጋር ተጽፎ በር ላይ። በዚያ ሳምንት የእህቴ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር። እናቴ ምሽት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነበር። ስትመለስ እጇ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት አየሁ። ስሟ ያለበትን ጫፍ ብቻ ቀድዳ አምጥታዋለች። የሌላ ሰው ስም እንዳትነካ ተጠንቅቃ። ሥራውን ግን አልተወችም። ጠዋት 12 ሰዓት መጥረጊያዋን ይዛ አስፋልት ላይ ነበረች።

ስለዚህ ስም ይለጠፍ ስትሉ እጄ አይነሳም። የ2 ኩንታል ገበሬ ስም ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ማነው የሚሰርቀው፣ እሱ ነው እንዴ?

ቁጥር_ወዳድ — ማክሰኞ፣ ቀትር 6:30

ልደታ፣ ይሄን ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ያቺ የተቀደደች ወረቀት ከፊቴ አልጠፋ አለችኝ። ሰኞ የጻፍኩት ላይ «በስም» ያልኩትን መልሼ እያሰብኩበት ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። የኮንዶሚኒየም እጣ አስታውሱ። የባለ እድለኞች ስም ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሰው አዲስ ልሳንን ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ይፈልጋል። ሐምሌ 2014 ላይ የ25,491 ቤቶች እጣ ወጣ፣ ከዚያ መረጃው ውስጥ ያልተገባ ነገር ተገኘና እጣው ተሰረዘ። ስም መውጣቱ ብቻ አልነበረም ችግሩን ያሳየው። ዝርዝሩ ከምን ጋር ይመሳከራል የሚለው ነው። ጋሼ ጡረተኛው ያሉት ይሄንኑ ነው መሰለኝ።

ጡረተኛው — ማክሰኞ፣ ቀትር 6:50

እሱን ነው። ብቻውን የቆመ ዝርዝር ጌጥ ነው።

የደጀን_ልጅ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:10

ልደታ፣ አንቺን ይገባኛል። ግን ማዳበሪያ ምጽዋት አይደለም። አባቴ ከፍሎ ነው የሚገዛው። ስሙ ቢለጠፍ አያፍርም፣ እንዲያውም ይኮራል። የሚያፍረው 5 ተጽፎ 2 የሰጠው ሰው ነው። ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ማለቴ አይደለም። ማኅበሩ በር ላይ ይበቃል። አዲስ አበባ ያለ ሰው እንዲያየው አያስፈልግም። እዚያው ያሉት ሰዎች እነማን እንደሞቱ፣ እነማን መሬት እንደሌላቸው ያውቃሉ።

ቁጥር ወዳድ፣ 15 ቢሊዮኑን በ15 ሚሊዮን ገበሬ ብታካፍለው ለአንዱ ሺህ ብር ነው። በሺህ ብር ማንም አይከብርም። የሚከበረው የሺህ ሰው ሺህ ብር አንድ ቦታ ሲከማች ነው።

ከሀገር_ውጭ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:35

እውነትህን ነው፣ ያን ቦታ የሚነካ ሲመጣባቸው ነው የሚናደዱት። ስሎቫኪያ ውስጥ ያን ኩቺያክ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ነበር። የጣሊያን ማፊያ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች የአውሮፓን የእርሻ ድጎማ እንዴት እንደሚሰበስቡ ይከታተል ነበር። ፌብሩዋሪ 2018 እ.ኤ.አ. ከእጮኛው ጋር ቤቱ ውስጥ ተገደለ። 27 ዓመቱ ነበር። ሀገሩ በሰልፍ ተናወጠ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራ ለቀቀ።

ግሪክም አለች። የአውሮፓ ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ከፈተ። የሌላቸውን የግጦሽ መሬት አለን ብለው ድጎማ የወሰዱ ብዙ ሰዎች ተገኙ። በ2025 እ.ኤ.አ. ሚኒስትሮች ሥልጣን ለቀቁ። ዝርዝር ባለበት ሀገር ነው ይሄ ሁሉ። ዝርዝሩ ሌባ አያቆምም። የሚፈልገው ሰው መነሻ እንዲኖረው ያደርጋል፣ በቃ።

ዝም_አልልም — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:44

ከብት የሌለው የግጦሽ መሬት አለኝ አለ? ላም አለኝ በሰማይ ግሪክም ደርሷል ማለት ነው።

ስድስት_ኪሎ — ማክሰኞ፣ ማታ 12:30

ሁለት ሀገር ልጨምርና ልውጣ። ህንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ለገበሬ በዓመት 6,000 ሩፒ በሦስት ዙር መክፈል ጀመረች። የተቀባዮቹ ዝርዝር በየመንደሩ ኢንተርኔት ላይ ይታያል። ሆኖም አንድ ሰው በመረጃ ሕጋቸው ጠይቆ መልስ ሲያገኝ ከ2 ሚሊዮን በላይ የማይገባቸው ሰዎች ወስደው ተገኙ። ከግማሽ በላዩ የገቢ ግብር ከፋዮች ነበሩ። ዝርዝሩ ተከፍቶ ሳለ ማንም አላየውም። ያወቁት በጥያቄ ነው።

ማላዊ ደግሞ የማዳበሪያ ኩፖን ስትሰጥ ስም በመንደር ስብሰባ ላይ በአደባባይ የሚነበብበት አሠራር ሞክራለች። ጮክ ተብሎ። ፊደል ያልቆጠረም ይሰማል። ልደታ ላነሳሽው ሐሳብ ይሄ ይቀርባል መሰለኝ፤ ለመንደሩ ሰው እንጂ ለዓለም አይደለም።

ታክሲዬ — ማክሰኞ፣ ማታ 1:15

ጮክ ብሎ መነበብ እኛም እናውቃለን። እድር ላይ ያልከፈለ ሰው ስሙ ሲነበብ አይታችኋል? መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው ይመርጣል 😂

ልደታ_07 — ማክሰኞ፣ ማታ 1:28

እድር ላይ ግን ሊቀመንበሩም ስሙ ይነበባል።

ቁጥር_ወዳድ — ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

እንግዲህ እኔ አንድ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። በአዋጅ 590 መሠረት። ከሐሳባችሁ ተነስቼ የግለሰብ ገበሬ ስም ከጥያቄው አወጣሁ። የጠየቅኩት ይሄን ነው፤ ባለፈው የምርት ዘመን ለእያንዳንዱ ዩኒየን ስንት ኩንታል ወረደ፣ ከየትኛው ጭነት፣ በምን ዋጋ፣ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ስንት ተላለፈ፣ ማጓጓዙንስ ማን ወሰደው። ሁሉም ድርጅት ነው። ድርጅት የግል ሕይወት የለውም፣ አይደል ስድስት ኪሎ?

ስድስት_ኪሎ — ረቡዕ፣ ጠዋት 3:12

«የንግድ ምስጢር» ይሉሃል። አንድ መስመር ጨምር፤ የተጠየቀው የመንግሥት ድጎማ የተከፈለበት መጠን ብቻ እንደሆነ።

ጡረተኛው — ረቡዕ፣ ጠዋት 3:40

ሁለት ኮፒ ያዝ። አንዱ ላይ «ገቢ» ማኅተም አስመታ። ማኅተም የሌለው ወረቀት አልተጻፈም። ቁጥሩንና ቀኑን በእጅህ ጻፍ፣ እነሱ ሊረሱ ይችላሉ።

ቁጥር_ወዳድ — ሐሙስ፣ ከሰዓት 10:20

ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። በሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ «ጉዳይህ?» አለኝ። «መረጃ ልጠይቅ» ስለው ደስ አላለውም። ሦስተኛ ፎቅ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ከየት መሥሪያ ቤት ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ከቤቴ አልኳት። «ጋዜጠኛ ነህ?» አይደለሁም። «ጥናት ነው?» አይደለም። «ታዲያ ለምንድነው?» ምን ልበላት። እንጀራ እበላለሁ አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ማኅተሙን አነሳች። ጋሼ፣ ሁለቱም ኮፒ ላይ መታችልኝ። ቁጥሩንም እሷ ራሷ ጻፈች።

ወርጄ ካዛንቺስ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ኮፒውን ኪሴ ውስጥ እየነካካሁ።

ዝም_አልልም — ሐሙስ፣ ከሰዓት 10:31

30 ቀን ቁጠር። ማኪያቶ በእኔ ሒሳብ፣ መልስ ከመጣ። ካልመጣ ሁለት ማኪያቶ።

የደጀን_ልጅ — እሑድ፣ ማታ 2:50

ይሄን ውይይት ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። ሰኞ ማታ፣ ከዚያ ማክሰኞ፣ ከዚያ የማላዊዋን። ዝም ብሎ ሰማኝ። «እና ማንበብ ይቻላል?» ብቻ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ሰዎች ይዞ ማኅበሩ ግቢ ሄደ። መዝገቡ ይነበብልን አሉ። ጸሐፊው መጀመሪያ ሊቀመንበሩ የለም አለ። ሊቀመንበሩ ቅዳሴ ላይ አብሯቸው ነበር፣ ከኋላቸው እየመጣ ነው። ተነበበ።

ስም ሲጠራ «አቤት» ይላሉ። ኩንታሉ ይነገራል። ሟቹ ጋ ደረሰ። ስማቸው ተጠራ። ግቢው ዝም አለ። አባቴ ሊናገር አፉን ሲከፍት ከሴቶቹ መሀል «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤታቸው ናቸው። «የወሰድኩት እኔ ነኝ። መሬቱ በስሙ ነው፣ የማርሰው እኔ ነኝ። ጣቱም የኔ ነው» አሉና አውራ ጣታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። አባቴ እስካሁን ሊያያቸው አፍሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ለማስቀየር ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ደግሞ እዚያው ቆመው ተናገሩ። እኔም ሰኞ እዚህ የጻፍኩትን ባጠፋው ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ የአባቴ ስም ተጠራ። «አቤት።» «አምስት ኩንታል፣ ወስዷል» አለ ጸሐፊው።

«ሁለት» አለ አባቴ።

ከኋላ ሌላ ሰው «የኔም ስድስት ተብሎ ሦስት ነው» አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ማን እንደሚናገር አልታወቀም አለኝ። ጸሐፊው መዝገቡን ዘጋና «የቀረው የሚመጣው እሑድ» አለ። ሰዎቹ ግን አልተበተኑም። ልጆች እቤት ልከው ወንበር አስመጡ።

ጡረተኛው — እሑድ፣ ማታ 3:05

መዝገቡ ግቢው ውስጥ ይደር። ማንም ይዞት እንዳይሄድ ንገራቸው። ለማኅበሩ ጭነቱ የገባበትን የደረሰኝ ቁጥር ይጠይቁ፣ አሁን፣ ዛሬ ማታ። አባትህ ስልክ ከያዘ ፎቶ ያንሳ። እኔን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።